አምስት ደቂቃ በትሪ ላይ፦ ለጥርስ ኢምፕላንት ልክ ሲወሰድ ስህተት ከየት ይገባል?

ጥርስ ለማስተከል ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው መሰርሰሪያውን ነው። የማደንዘዣው መርፌ፣ ደሙ፣ የመንጋጋው አጥንት መበሳቱ እንቅልፍ ይነሣዋል። ከወራት በኋላ ቁስሉ ጠግጎ ሲመለስ ሐኪሙ ለስላሳ ቁስ የሞላበት ትሪ አፉ ውስጥ አስገብቶ «አይንቀሳቀሱ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» ይለዋል። ያን ጊዜ የሚያስጨንቀው ማቅለሽለሹ ብቻ ነው። ቁሱ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይጠነክራል፤ ትሪው ይወጣል፤ ታካሚው አፉን ተጉመጥምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዚህ ትምህርት ጉዳይ ያቺ አምስት ደቂቃ ናት። ቀዶ ሕክምናው የቱንም ያህል ቢሳካ፣ በላዩ የሚታሰረው ጥርስ የሚሠራው ታካሚው በሌለበት፣ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከትሪው በተገኘ ቅጂ ላይ ነው። ቅጂው ከተዛባ ጥርሱም ይዛባል። መዛባቱ የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ሲሆን የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈቀቅ የማይል ሥር

የዘመናዊው ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ታሪኩ የተጀመረው ስለ ጥርስ ማንም ባላሰበበት ቦታ ነው። በ1952 ስዊድናዊው ሐኪም ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በሉንድ ከተማ የደም ዝውውርን ለማጥናት ከታይታኒየም የተሠራ ትንሽ መመልከቻ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ይተክል ነበር። ምርምሩ ሲያበቃ ዕቃውን ሊያወጣ ቢሞክር እምቢ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን ይዞ አልለቅም ብሏል። በ1965 በጎተንበርግ ከተማ የአንድ ታካሚ ታችኛው መንጋጋ ላይ አራት የታይታኒየም ኢምፕላንቶች ተተከሉ፤ ታካሚው በ2006 እስኪሞት ድረስም አገለገሉት። በ1982 ካናዳ ቶሮንቶ በተካሄደ ጉባኤ ዘዴው ለሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ቀረበና በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ።

የስኬቱ ምስጢር የሆነው የአጥንትና የብረት መጣበቅ ግን ለጥርስ ሠሪው ጣጣ ይዞ መጣ። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በመካከላቸው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ። ሰው ሲነክስ ጥርሱ በዚህ ሽፋን ምክንያት ከ25 እስከ 100 ማይክሮን ወደ ታች ይሰምጣል። ኢምፕላንት የሚሰምጠው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ብቻ ነው። በተፈጥሮ ጥርሶች ላይ የሚጣበቅ ድልድይ (ተያይዘው የተሠሩ ሰው ሠራሽ ጥርሶች) በጥቂቱ ቢዛባ ጥርሶቹ ፈቀቅ ብለው፣ ማጣበቂያውም ክፍተቱን ሞልቶ ነገሩን ያስታርቁታል። ኢምፕላንት ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ የልኩ ስህተት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ የሚሸከሙትም ብሎኑ፣ ድልድዩና በዙሪያው ያለው አጥንት ናቸው።

ጎሚስታ ቤት ቆሞ ጎማ ሲቀየር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የቸርኬው ቀዳዳዎች ከመኪናው ብሎኖች ጋር ልክ ለልክ ካልገጠሙ ጎሚስታው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ቸርኬውን መመለስ፣ ወይ ዳዶውን እያጠበቀ በጉልበት ማስገባት። በጉልበት የታሰረ ቸርኬ ለዓይን የተቀመጠ ይመስላል፤ ውጥረቱ ግን ብሎኖቹ ውስጥ ቀርቷል። በአራት ወይም በስድስት ኢምፕላንቶች ላይ የሚታሰር ድልድይም እንዲሁ ነው። የሚታሰርባቸው ብሎኖች ግን ውፍረታቸው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሰውየው በበላ ቁጥርም ጫና ይወርድባቸዋል።

ታዲያ ምን ያህል ስህተት ይፈቀዳል? ብሮኔማርክ በ1983 ያስቀመጠው ልክ 10 ማይክሮን ነበር፤ ድልድዩ አጥንቱን ሳያስጨንቅ እንዲቀመጥ ክፍተቱ ከዚህ እንዳያልፍ ነው። ሌላው ስዊድናዊ ቶርስተን ዬምት በ1991 እስከ 150 ማይክሮን ድረስ ተቀባይነት እንዳለው ጻፈ። የእሱ ቁጥር የመነጨው ከካቻቢቴው ነው፤ ብሎኑ መያዝ ከጀመረ በኋላ እስኪጠብቅ ድረስ ከግማሽ ዙር በላይ መዞር የለበትም ብሎ ወሰነ። ብሎኑ በአንድ ሙሉ ዙር 300 ማይክሮን ስለሚወርድ ግማሽ ዙሩ 150 ማይክሮን ሆነ። ሁለቱ ቁጥሮች በ15 እጥፍ ይራራቃሉ። ዛሬም ድረስ ባለሙያው ሁሉ የተስማማበት አንድ ቁጥር የለም፤ በተግባር የሚፈለገው ዓይን፣ ጣትና ራጅ ክፍተት የማያገኙበት አቀማመጥ ነው።

የሚለካው ቦታ ነው

ለተፈጥሮ ጥርስ ሽፋን ሲሠራ ልኩ የጥርሱን ገጽ እስከ ስስ ጠርዙ ድረስ መቅዳት አለበት። በኢምፕላንት ግን የብረቱ ቅርጽ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ፋብሪካ በማሽን የቆረጠው ነው። የማይታወቀው እያንዳንዱ ኢምፕላንት በመንጋጋው ውስጥ የት እንዳለ፣ ወደየት እንዳዘነበለ፣ ከጎረቤቱ ምን ያህል እንደራቀና በራሱ ዙሪያ በምን አቅጣጫ እንደዞረ ነው።

ለዚህም ኮፒንግ የሚባል ትንሽ የብረት ዘንግ በኢምፕላንቱ ላይ በብሎን ይታሰራል። ትሪው ውስጥ ያለው ቁስ ኮፒንጉን ከቦ ይጠነክራል። ከዚያም የኢምፕላንቱ ምሳያ የሆነ ሌላ ብረት ከኮፒንጉ ጋር ይታሰርና ጀሶ ይፈስበታል። ጀሶው ሲደርቅ የታካሚው መንጋጋ ቅጂ ተገኘ ማለት ነው፤ ምሳያዎቹ በእውነተኞቹ ኢምፕላንቶች ቦታ ቆመዋል፣ ወይም ቆመዋል ተብሎ ይታመናል።

ፋብሪካው የሚቆርጣቸው ብረቶችም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም። በ1997 የታተመ ጥናት በኢምፕላንቱ፣ በኮፒንጉና በምሳያው መጋጠሚያዎች ላይ ከ22 እስከ 100 ማይክሮን የሚደርስ መላወሻ አግኝቷል። ሐኪሙ ትሪውን ገና ሳያነሣ የብሮኔማርክ 10 ማይክሮን አልቋል ማለት ነው።

ከሰም እስከ ሲሊኮን

የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ፋፍ በ1756 በርሊን ባሳተመው መጽሐፍ በሰም ልክ ወስዶ በጀሶ ቅጂ ማውጣትን ገልጾ ነበር። ሰም በሙቀት ይለሰልሳል፣ በትንሽ ግፊትም ይታጠፋል፤ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጀሶ ራሱ በቀጥታ አፍ ውስጥ ገባ። ጀሶ ሲጠነክር የሚለወጠው መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ስለማይለጠጥ ጥርስ ባለበት አፍ ውስጥ ተሰብሮ ካልሆነ አይወጣም። ያም ሆኖ ጥርስ በሌለው መንጋጋ ላይ ኢምፕላንቶችን በጀሶ የመለካት ዘዴ አሁንም ደጋፊዎች አሉት።

የሚለጠጥ ቁስ ፍለጋው ወደ ባሕር ወሰደ። በ1925 ቪየና የነበረው አልፎንስ ፖለር ከባሕር አረም የሚገኘውን አጋር-አጋር ለቅጂ ሥራ አቀረበ፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ዋናዋ አቅራቢ ጃፓን ገበያውን ስትዘጋ ኬሚስቶች ከሌላ የባሕር አረም አልጂኔትን ሠሩ። አልጂኔት ዛሬም በየክሊኒኩ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ለታካሚውም አይከብድም። ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሁለቱም መጠኑን ይለውጡታል። ስለዚህ ለመነሻ ቅጂ ካልሆነ በቀር የኢምፕላንት የመጨረሻ ልክ በአልጂኔት አይወሰድም።

የኢምፕላንት ዘመን ዋና ቁሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፖሊኢተር ነው። በጀርመን ኢስፔ የተባለ ኩባንያ ኢምፕሬገም በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው በ1965 ነው፤ የብሮኔማርክ የመጀመሪያ ታካሚ በታከመበት ዓመት ማለት ነው። ፖሊኢተር እርጥበትን ስለማይሸሽ ምራቅ ባለበት ድድ ላይ በደንብ ይፈስሳል፤ ሲጠነክርም ደረቅ ብሎ ኮፒንጉን አያላውስም። ደረቅነቱ ዕዳም አለው፤ ከረዣዥም የተፈጥሮ ጥርሶች ሥር ለማውጣት ይከብዳል፣ ጣዕሙም ይመርራል። ሁለተኛው በ1970ዎቹ የመጣው ተደማሪ ሲሊኮን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሲሊኮን ሲጠነክር አልኮል እየለቀቀ ይጨማደድ ነበር። አዲሱ ተረፈ ምርት ስለማይለቅ መጠኑን ለቀናት ይጠብቃል፣ ከተለጠጠ በኋላም ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ድክመቱ ለየት ያለ ነው፤ በላቴክስ ጓንት ውስጥ ያለው ድኝ ሲነካው መጠንከሩን ይከለክለዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም በላቴክስ ጓንት አያቦካውም።

ለኢምፕላንት ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? በ2008 ሄጄ ሊና ባልደረቦች 41 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ሁለቱን ቁሶች ካነጻጸሩት 11 ጥናቶች መካከል 10ሩ ልዩነት አላገኙም። አምራቾች ስለ ቁሳቸው የሚሉት ብዙ ቢሆንም፣ በአግባቡ ከተሠራባቸው ሁለቱም ያገለግላሉ። የሚለየው አሠራሩ ነው።

ዝግ ትሪና ክፍት ትሪ

በዝግ ትሪ ዘዴ ቁሱ ጠንክሮ ትሪው ሲወጣ ኮፒንጎቹ አፍ ውስጥ ይቀራሉ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ይፈታቸዋል፣ ከምሳያው ጋር ያስራቸዋል፣ ቁሱ ውስጥ ወደተዉት ጉድጓድም መልሶ ይሰካቸዋል። ፈጣን ነው፤ አፋቸውን በሰፊው መክፈት ለማይችሉ፣ ቶሎ ለሚያቅለሸልሻቸውና ለኋለኛው መንጋጋ ይመቻል። ችግሩ መልሶ በመሰካቱ ላይ ነው። ኮፒንጉ በጥቂት ማይክሮን ከፍ ብሎ ወይም ዞር ብሎ ቢቀመጥ ማንም አያይም።

በክፍት ትሪ ዘዴ ትሪው አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የኮፒንጎቹ ረዣዥም ብሎኖች በቀዳዳው ብቅ ይላሉ። ቁሱ ሲጠነክር ሐኪሙ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ይፈታል፣ ኮፒንጎቹም ቁሱ ውስጥ እንደተያዙ አብረው ይወጣሉ። መልሶ መሰካት የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ምሳያው በኮፒንጉ ላይ ሲታሰር ከመጠን በላይ ከተጠመዘዘ ኮፒንጉ ቁሱ ውስጥ ይዞራል። የፖሊኢተር ደረቅነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጥርስ አካባቢ ደግሞ ረጅሙን ብሎንና ካቻቢቴውን የሚያስገባ ክፍት ቦታ ላይገኝ ይችላል።

በሊ ግምገማ ሁለቱን ዘዴዎች ካነጻጸሩት 14 ጥናቶች አምስቱ ክፍት ትሪን መርጠዋል፣ ሁለቱ ዝግ ትሪን መርጠዋል፣ ሰባቱ ደግሞ ልዩነት የለም ብለዋል። እንዲህ የተበታተነ ውጤት መልክ የሚይዘው የኢምፕላንቶቹ ብዛት ሲታይ ነው። ሦስትና ከዚያ በታች ሲሆኑ ልዩነቱ ይጠፋል፤ አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ክፍት ትሪ ብልጫ ያሳያል። አንድ ጥርስ ብቻ የሚያስተክል ሰው ቢዛባበት እንኳ የሚዛባው ከጎረቤት ጥርስ ጋር ያለው ንክኪ ነው፤ እሱም ታካሚው ወንበር ላይ እያለ ሞርዶ ወይም ጨምሮ ይስተካከላል። ስድስት ኢምፕላንት በአንድ ብረት ሲታሰር ግን የአንዱ መዛባት የሁሉም ነው።

ማስተሳሰርና መጨማደድ

ኮፒንጎቹ ቁሱ ውስጥ በየግላቸው እንዳይላወሱ እርስ በርስ የማስተሳሰር ሐሳብ የመጣው ከብሮኔማርክ ቡድን አሠራር ነው። የጥርስ ማጽጃ ክር በኮፒንጎቹ መካከል ይወጠራል፣ በላዩም በፍጥነት የሚጠነክር አክሪሊክ ይደረጋል። ልኩ ከመወሰዱ በፊት ሁሉም ኮፒንጎች አንድ አካል ይሆናሉ።

ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም አክሪሊክ ሲጠነክር ይጨማደዳል። በ1990 የታተመ የሞዦንና የባልደረቦች ጥናት ለዚህ ሥራ የሚውሉ ሁለት አክሪሊኮች በ24 ሰዓት ውስጥ አንዱ 6.5፣ ሌላው 7.9 በመቶ ይዘታቸውን እንደሚቀንሱ አሳየ። ከመጨማደዱ 80 በመቶው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ 17 ደቂቃዎች ነው። በአንድ አቅጣጫ ሲሰላ ለውጡ የይዘቱ ለውጥ ሲሶ ገደማ ይሆናል። በሁለት ኮፒንጎች መካከል 10 ሚሊሜትር ርቀት ቢኖርና አክሪሊኩ ሳይከለከል 2.6 በመቶ ቢጨማደድ 260 ማይክሮን ይሆናል። ያ መጨማደድ ኮፒንጎቹን እርስ በርስ ይጎትታቸዋል፤ ትሪው ሲወጣም ውጥረቱ ተፈትቶ ቦታቸውን ያስለቅቃቸዋል።

መድኃኒቱ ቀላልና ብልህ ነው። አክሪሊኩ ቀደም ብሎ፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት፣ ይሠራና መጨማደዱን ይጨርሳል። ከዚያ በየኮፒንጎቹ መካከል በስስ ዲስክ ይቆረጣል። አፍ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ያቺ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ በአዲስ አክሪሊክ ትሞላለች። ስንጥቋ 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ብትኖራት ያው 2.6 በመቶ የሚያመጣው ለውጥ 5 ማይክሮን ገደማ ነው። ያው አክሪሊክ፣ ያው ኬሚስትሪ፤ ስህተቱ ግን በ50 እጥፍ አነሰ። ጥናቶች ስለ ማስተሳሰር ለዓመታት የተቃረኑበት አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ቡድን ያስተሳሰረበት መንገድ መለያየቱ ነው።

በ2014 ፓኖስ ፓፓስፒሪዳኮስና ባልደረቦች 76 ጥናቶችን ገምግመው የደረሱበት መደምደሚያ ካለፈው የጠራ ነበር። ማስተሳሰር ጥርስ በከፊል ለጎደለውም ሆነ ጨርሶ ለሌለው አፍ ትክክለኛነትን ይጨምራል። ክፍት ትሪ ጥርስ ጨርሶ በሌለበት ይበልጣል፤ በከፊል በጎደለበት ከዝግ ትሪ ጋር አይበላለጥም። የቁሱ ዓይነት፣ ፖሊኢተርም ሆነ ተደማሪ ሲሊኮን፣ ለውጥ አያመጣም።

እነዚህ ጥናቶች ሲነበቡ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። አብዛኞቹ የተሠሩት ላብራቶሪ ውስጥ ባሉ ቅጂዎች ላይ ነው። ቅጂ ምራቅ የለውም፣ አይደማም፣ አያቅለሸልሸውም። ሕያው ታችኛ መንጋጋ ደግሞ አፍ በጣም ሲከፈት ጡንቻዎቹ እየጎተቱት ሁለቱ የኋላ ጫፎቹ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይቀራረባሉ። ስለዚህ የታችኛው መንጋጋ ልክ ሲወሰድ ታካሚው አፉን እስከ መጨረሻው ባይከፍት ይመከራል።

ትሪውና ጀሶው

ስስ የፕላስቲክ ትሪ ወፍራም ቁስ ተሞልቶበት ሲጫን ጎኖቹ ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ ከአፍ ሲወጣም ቁሱን ይዞ ይመለሳል። ለታካሚው ተብሎ የተሠራ ደረቅ ትሪ ይህን ይከላከላል፣ የቁሱ ውፍረትም ዙሪያውን ተመሳሳይ እንዲሆን ይረዳል።

የላብራቶሪው ጀሶ ደግሞ ሲጠነክር በተቃራኒው ይሰፋል። ለትክክለኛ ቅጂ የሚውለው ጠንካራ የጥርስ ጀሶ መስፋቱ 0.1 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ መንጋጋ ግራና ቀኝ መካከል 50 ሚሊሜትር ቢኖር ለውጡ 50 ማይክሮን ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ውሃና ዱቄቱ በሚዛን ተለክተው ሲደባለቁ ነው፤ በዓይን ግምት ሲደባለቁ መስፋቱም አብሮ ይለዋወጣል። ሐኪሙ በክሊኒክ ያተረፋቸው ማይክሮኖች እዚህ ሊባክኑ ይችላሉ፤ አንዳንዴም የቁሱ መጨማደድና የጀሶው መስፋት በአጋጣሚ ይካካሳሉ።

ቁሱን የሚተካው ካሜራ

ጥርስን በብርሃን የመለካት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ በ1973 በመመረቂያ ጽሑፉ አቅርቦት ነበር። በ1985 ደግሞ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ቬርነር ሞርማን ከመሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ ጋር ሴሬክ በተባለው መሣሪያ በካሜራ ለክቶ በዚያው ቀን የተቀረጸ ሙሌት ለታካሚ ገጠመ።

ለኢምፕላንት ሲሆን በኮፒንጉ ፋንታ ስካን ቦዲ የሚባል፣ ቅርጹ በኮምፒውተር የተመዘገበ ትንሽ ዕቃ ይታሰራል። ስካነሩ አፍ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ በርካታ ትናንሽ ምስሎችን ያነሣል፤ ሶፍትዌሩ የሚመሳሰሉትን ቦታዎች እየፈለገ ይገጣጥማቸዋል። ሊጥ፣ ትሪ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጀሶ ሁሉም ይቀራሉ። ለአንድ ጥርስ ወይም ለአጭር ድልድይ ውጤቱ ከቁሱ ልክ ጋር የሚወዳደር ሆኗል።

ጥርስ ጨርሶ በሌለው መንጋጋ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሶፍትዌሩ ምስሎችን የሚገጣጥመው ምልክት ሲያገኝ ነው፤ እርጥብና ለስላሳ ድድ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይመሳሰላል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የምትገባው ትንሽ ስህተት ካሜራው ከአንዱ የመንጋጋ ጫፍ ወደ ሌላው ሲደርስ ትጠራቀማለች። ስለዚህ የቅኝቱ መንገድ፣ የስካን ቦዲዎቹ ርቀትና የባለሙያው እጅ ልምድ ውጤቱን ይለውጡታል። በቁሱ ዘመን የኢምፕላንቶች ብዛት ያመጣው ችግር በካሜራውም ዘመን በሌላ በር ተመልሷል።

ይህን ለመፍታት ከቅየሳ ሥራ የተወሰደ ፎቶግራሜትሪ የሚባል ዘዴ ገብቷል። ከአፍ ውጭ ያለ ካሜራ በኢምፕላንቶቹ ላይ የታሰሩ ባለምልክት ዕቃዎችን አንድ ላይ እያየ በመካከላቸው ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ያሰላል። ምስል እየቀጠለ ስለማይሄድ ስህተቱ በመንገድ አይጠራቀምም። ድዱን ግን አይቀዳም፤ ለእሱ ሌላ ቅኝት ተወስዶ ሁለቱ ይቀናጃሉ።

ሳይጨርሱ መፈተሽ

በቁስም ሆነ በካሜራ ከተወሰደ ልክ በኋላ ድልድዩ በቀጥታ አይሠራም፤ ቅጂው መጀመሪያ ይፈተናል። ብዙ ኢምፕላንት ባለበት አፍ ላብራቶሪው በቅጂው ላይ ከአክሪሊክ ወይም ከጀሶ ማረጋገጫ ይሠራል። ይህ አፍ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ቦታ ያለ ግፊት ከተቀመጠ ቅጂው ታማኝ ነው። የጀሶው ማረጋገጫ በተለይ አይዋሽም፤ መታጠፍ ስለማይችል ውጥረት ካለ ይሰነጠቃል። አክሪሊኩ ካልገጠመ እዚያው ተቆርጦ አፍ ውስጥ ይያያዛል፣ ቅጂውም በእሱ መሠረት ይታረማል።

ድልድዩ ሲደርስ ደግሞ የአንድ ብሎን ፈተና የሚባለው አለ። ሐኪሙ በአንዱ ጫፍ ያለውን ብሎን ብቻ ያስራል። በሌላው ጫፍ ድልድዩ ከኢምፕላንቱ ብድግ ካለ አልገጠመም ማለት ነው። መጋጠሚያው ከድድ በታች ሲሆን ዓይን ስለማያይ ራጅ ይነሣል፤ የራጁ ጨረር ለኢምፕላንቱ ቀጥ ብሎ ካልወረደ ክፍተቱ ይደበቃል። የመጨረሻው ማጥበቂያ ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ኢምፕላንቱ ዓይነት እስከ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር፣ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈተናው ሳይደረግ ሁሉም ብሎኖች በአንድ ጊዜ ከጠበቁ ግን ያልገጠመውም ድልድይ የገጠመ ይመስላል።

ተገድዶ የተቀመጠ ድልድይ ምን ያደርጋል? ብሎን ይላላል፣ አንዳንዴም ይሰበራል፤ በብረቱ ላይ ያለው ሸክላ ይፈረከሳል። አጥንት ይበላል የሚለው ስጋት ግን በማስረጃ እንደዚያ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ዬምትና ቡክ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ጥርስ አልባ የነበሩ ታካሚዎች ድልድዮች በአማካይ ወደ 100 ማይክሮን የሚጠጋ መዛባት ነበራቸው፤ ይሁንና በመዛባቱና በአጥንት መቀነስ መካከል ግንኙነት አላገኙም። አንድም ድልድይ ፍጹም ሳይገጥም ብዙዎቹ ለዓመታት አገልግለዋል። ይህ ጥንቃቄን ከንቱ አያደርግም፤ የላላ ብሎን ለማሰር፣ የተሰበረውን ከኢምፕላንቱ ውስጥ ለማውጣት ወይም ድልድዩን እንደገና ለማሠራት የሚከፍለው ታካሚው ነውና።

ልኩን ለሚቀጥለው ሐኪም

አንድ ኩባንያ የሠራው ኮፒንግ በሌላው ኩባንያ ኢምፕላንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአግባቡ አይገጥምም። የስዊዘርላንዱ ስትራውማን፣ የደቡብ ኮሪያው ኦስቴምና ሌሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጋጠሚያ አላቸው፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥም መጋጠሚያው እንደ ሞዴሉና እንደ ውፍረቱ ይለያያል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያንና ወደ ውጭ ሄደው ለሚታከሙ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኢምፕላንቱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ተተክሎ ከዓመታት በኋላ ድልድዩ አዲስ አበባ ውስጥ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሐኪሙም ልክ ለመውሰድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኢምፕላንቱን ስም ነው።

በተከላው ቀን ከኢምፕላንቱ ማሸጊያ ላይ ተልጦ በታካሚው ፋይል ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለ፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ ተጽፎበታል። ታካሚው ቅጂውን መጠየቅ ይችላል፤ ልኩ በስካነር የተወሰደ ከሆነም ፋይሉን መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ከሌለ ቀጣዩ ሐኪም ራጅ አንሥቶ የብረቱን ቅርጽ ከሚታወቁ ሞዴሎች ጋር እያስተያየ መለየት ይኖርበታል፤ ትክክለኛው ኮፒንግ ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣም ልኩ አይወሰድም።